ያላንኳኳሁት ቦታ

ውድ አባዬ፣

መኪና ገዛሁ። ከሌላ ሰው ከመስማትህ በፊት ከእኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ በስልክ ሁልጊዜ ስለምትቀድመኝ ነው፤ እኔም «እሺ» ብዬ እዘጋለሁ።

ልጅቷ በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት ደውለህ «ለልጅ ልጄ መኪና የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ማንም ጋ እንዳትሄጂ» ስትለኝ፣ «አይሆንም» አልኩህ። ምክንያት አልሰጠሁህም። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ብለህ ስልኩን ዘጋኸው። ይኸው ሦስት ወር ሊሞላ ነው፣ ልጅቷን አላየሃትም። እናቴ በመጣች ቁጥር «ምን ብለሽው ነው?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ። «ምንም» ግን ውሸት ነው፤ ስለዚህ ልንገርህ።

አራት ቅዳሜ ዞርን። ባለቤቴን ታውቀዋለህ፣ መኪና የሚመርጠው በቀለም ነው። ልጅቷን ደረቱ ላይ አስሮ ከኋላ ከኋላዬ ይከተለኛል። የምንፈልገው ትንሽ መኪና ነበር፤ ነዳጅ የማትበላ፣ ጠባብ ቦታ የምትቆም። እኔ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት በጣቴ አንጓ ማንኳኳት እጀምራለሁ፤ ከኮፈኑ ተነስቼ፣ በጣራው አድርጌ እስከ ኋላ። ብረት ከሆነ ይጮኻል፣ የተጋጨውን የሸፈነ ስቱኮ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ይህን ጋራዥህ ውስጥ ያስተማርከኝ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ መዶሻ ብለህ ስም ያወጣህልኝም ያኔ ነው። ሥራዬ ራጅ ማንሳት ስለሆነ፣ ባለቤቴ «ስብራት ፍለጋ በሥራ ቦታ አይበቃሽም?» ይለኛል።

የመጀመሪያው ደላላ እጄን አይቶ ሳቀ። «እህቴ፣ መኪና ናት እንጂ ሐብሐብ አይደለችም። አንዲት ጭረት የለባትም!»

የፊት በሩ ጋ ድምፁ ታፈነ። «እዚህ ጋስ?» አልኩት።

«እሱማ... ትንሽ የቀለም ማስተካከያ ናት።»

ሦስተኛው ቅዳሜ ያየናት መኪና ግን ሁሉ ነገሯ ጮኸ። ልገዛት ምንም አልቀረኝም። ኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አዲስ ምንጣፍ ነበርና ገለጥ አደረግኩት፤ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የብየዳ መስመር አገኘሁ። ንጹህ ብየዳ ነው፤ የአንተን ያህል ግን አይሆንም። እዚያው አጎንብሼ ቀረሁ። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ወገቤን ነው» አልኩት።

ሰማያዊዋን መኪና ታስታውሳታለህ? አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ፊቷ ከአንድ መኪና፣ ኋላዋ ከሌላ፣ መሃሏን አንተ የበየድካት። ገዢው ቀጭን ሰውዬ ነበር፤ ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ነበር። «ተጋጭታ ታውቃለች?» ብሎ ሲጠይቅህ ሳቅ አልክ። «እኔን አትመነኝ፤ ልጅ አይዋሽም። መዶሻ! ነይ እስቲ አንኳኪለት።»

አንኳኳሁለት። ኮፈኑን፣ የፊት በሮቹን፣ የጣራዋን ግማሽ። ሁሉም ጮኸ። የት ማቆም እንዳለብኝ አንተ አልነገርከኝም፤ በዓይንህ እንኳ አልጠቀስከኝም። ብየዳው ጋ ሳልደርስ አውቄ ነው ያቆምኩት። ሴትዮዋ ከነሕፃኗ ከኋላ ወንበር ገባች። ሲሄዱ ራሴን ዳበስ አድርገህ «ጎበዝ» አልከኝ፣ እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ደስታዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰማያዊ መኪና ባየሁ ቁጥር ውስጧ ያሉትን ሰዎች እቆጥር ነበር። ምን እንደደረሰባቸው አላውቅም። ክፉ ነገር አልሰማሁም፤ ደህና ናቸው ሲባልም አልሰማሁም። አንተንም ጠይቄህ አላውቅም።

እና «አይሆንም» ያልኩህ ለልጅ ልጅህ መጥፎ መኪና ታመጣላታለህ ብዬ አይደለም። ለእሷማ በጥርስህም ቢሆን ነክሰህ ምርጡን እንደምታመጣ አውቃለሁ። የፈራሁት ሌላ ነው። አንተ አጠገቤ ቆመህ እኔ ሳንኳኳ፣ ሁለታችንም ስለዚያች መኪና እያሰብን ዝም እንዳንባባል ነው። አፍሬብህ ኖሬአለሁ፣ አባዬ። በራሴም አፍሬአለሁ።

አራተኛው ቅዳሜ አንዲት ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ቤት ሄድን። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ገና እጄን ሳነሳ ጠጋ አሉኝና በሹክሹክታ «ልጄ፣ ግራ የኋላ በሩን ከግቢው በር ጋር ያጋጨሁት እኔ ነኝ። ስቱኮ አለው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አያውቅምና ቀስ ብለሽ አንኳኪ» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። ሁሉንም አንኳኳሁ፤ ከዚያ በር በቀር የታፈነ አልነበረም። ከሥር ገብቼ ሻንሲውን አየሁ፣ ቀጥ ያለ ነው። ፍሬኑን ዳገት ላይ ሞከርኩት። ባለቤቴ ቀለሟን አልወደደላትም። ገዛናት።

ልጅቷ የምትገባውም የምትወጣውም በዚያው በር ነው። በሩን ሳታድሰው እንዲሁ እንዲቆይ እፈልጋለሁ፤ ስቱኮህን ቤት ትተህ ና።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነን። እሷን አቅፌ መኪናዋ አጠገብ እጠብቅሃለሁ። ከኮፈኑ ጀምረህ አንኳኳላት፤ ድምፅ ትወዳለች። ግራ የኋላ በር ጋ ስትደርስ ግን አትዝለለው። አንኳኳውና የሰማኸውን ንገራት።

ያኔ ምስክርህ የነበረችው፣
መዶሻህ