የዘለልኳቸው ሁለት መስመሮች

ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለልጄ እናት፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። መነጽሬ የጠርሙስ ቂጥ አክሏል፤ ልጅሽ ባየችው ቁጥር ትስቅብኛለች። ትስቅብኝ ነበር ልበል።

ዘንድሮ እኔው የምሠራበት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆና ተቀጥራለች። እኔ የደራሲውን ረቂቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ እሷ ማረሚያው ወረቀት ላይ እየተከተለች ስህተቱን በቀይ ትለቅማለች። የሰሞኑ ሥራችን የዘንዶና የአስማት ልብ ወለድ ነው። ንግሥቲቱ ዘንዶውን በዜማዋ ልታስተኛ ሕፃን ልጇን ትታ ተራራ ትወጣለች፤ ካላስተኛችው አገር ይቃጠላል።

ልጅሽ አልራራችላትም። “አገር አድና ልጇን የምትጥል ምን ዓይነት እናት ናት?” አለችኝ። ስለ ማን እንደምታወራ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እንዳልሰማ ሆኜ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ማክሰኞ ምዕራፍ ዘጠኝ ደረስን። እዚያ ንግሥቲቱ ንጉሡ እግር ላይ ወድቃ “ልጄን ይዤ ልሂድ” ትለዋለች። እሱም “ከሄድሽ ልጅ የለሽም” ይላታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሰውዬ ሁለቱን መስመሮች ዘልዬ አለፍኩ።

“አባዬ፣ ዘለልክ እኮ” አለች። ከዚያ ራሷ አነበበችውና ቀና አለች። “ታዲያ ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ለልጅቷስ ይሄን ማን ነገራት?”

“ማንም” አልኳት።

በሩን ዘግቼ ሁሉን ነገርኳት። ያ የትምህርት ዕድል ሲመጣልሽ እሷን ይዘሽ ለመሄድ እንደለመንሽኝ፣ እኔ እንደከለከልኩሽ፣ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ “ጥላሽ ሄደች” እያልኩ እንዳሳደግኳት። ስትደውዪ “አላናግራትም” የምትለው ለዚህ ነበር።

አላለቀሰችም። እርሳሷን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ “ነጠላ ሰረዝ”፣ “አራት ነጥብ” ከማለት በቀር አታናግረኝም። አንጀቴን ትበላዋለች፤ ግን አልፈርድባትም።

ያኔ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ነው። ሰበብ እንደማይሆነኝ አውቃለሁ። በጣም በድዬሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት አድራሻሽን ጠየቀችኝ። ጻፍኩላት፤ የቤት ቁጥርሽን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለት ጊዜ አረምኩ። እናትና ልጅ ለመነጋገር የሚበቃ ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። ደብዳቤዋ ከዚህኛው ቀድሞ ከደረሰሽ፣ ስለ እኔ ያለችውን ሁሉ እመኛት።

የልጅሽ አባት