ሁለቱ አሥራ አራቶች

ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም በሻሽ ታስሪዋለሽ? የስፔን ብርድስ? የምታስታምሚያቸው አሮጊት ሌሊት ያስተኙሻል? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴ ኤዲልማም ደህና ናት። በወረቀት የምጽፍልሽ ወረቀት መሀል ላይ ስለማይቋረጥ ነው።

እሁድ እሁድ በኮምፒውተር ስናወራ «መቼ ነው የምትወስጂኝ» ልልሽ ስል መስመሩ ይጠፋ ነበር። አክስቴ «እናትሽ ራሷ ናት የምትዘጋው» ትለኛለች። እኔ ግን የጠረጠርኩት እሷን ነው፤ መስመሩን የሚያመጣው ሞደም ያለው መኝታ ቤቷ ነው፣ እኔ ከሄድኩ ደግሞ ሱቋን የሚይዝላት የለም። አንድ እሁድ የሞደሙን መሰኪያ ሳታየኝ በቀጭን ክር አሰርኩት። መስመሩ ጠፋ፤ ክሩ ግን እንዳሰርኩት ነበር።

ያን ቀን ስክሪኑ ጥግ ላይ «ይህ አድራሻ በሌላ ማሽን ተይዟል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። አክስቴ «ዝጊው፣ ማስታወቂያ ነው» አለችኝ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሮሳውራ ቺሊ ያለውን ልጃቸውን «አሁንም ጠፋህብኝ» ሲሉት ሰማሁ። የእሳቸው መስመር የሚመጣው ከእኛው ሞደም፣ በጣሪያ ላይ በተዘረጋ ሽቦ ነው። ሰው ቤት መሄድ እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ፤ ግን ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው «አክስትሽ ናት የምትነቅልብኝ፣ አይደል? ነቅቼብሻለሁ ብለዋል በያት» አሉኝ።

መስመሩን የዘረጋልን ኖርቤርቶ መጥቶ አየው። በአንድ ሞደም ሥር ያሉ ማሽኖች የአድራሻቸው መጀመሪያ ልክ እንደ መንገድ ስም አንድ ነው፣ የመጨረሻው ቁጥር ግን ለየብቻ ነው፣ ሁለት ማሽን አንድ ቁጥር ከያዘ አንዱ ሌላውን ይጥለዋል አለን። እሱ ደግሞ እንዳይምታታበት ብሎ ለየማሽኑ የሰጠው በር ላይ ያየውን የቤት ቁጥር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለመንገዳችን ቤቶች እንደ አዲስ ቁጥር ሲሰጥ አሥራ አራት የደረሰው እኛን ነው፤ ወይዘሮ ሮሳውራ ግን የድሮ አሥራ አራታቸውን ከበራቸው ላይ አላነሱም። ኖርቤርቶ «ምነው ሳይነግሩኝ እማማ?» ሲላቸው «ባሌ በእጁ የቀባውን ለማዘጋጃ ቤት ብዬ አልፍቅም» አሉት። አክስቴም «እኔን ሲሰድቡ ከርመው አሁን ሟቹን ያመጣሉ» አለች። ኖርቤርቶ እየሳቀ የእኛን ማሽን አርባ አደረገው።

ባለፈው እሁድ አክስቴ ገበያ ነበረች። ድምፅሽ እንደዚያ ጠርቶልኝ አያውቅም፤ ከኋላሽ ሳህን ሲጋጭ ሁሉ ይሰማ ነበር። መቼ ነው የምትወስጂኝ አልኩሽ። ተቋረጠ። ሄጄ ሞደሙን አየሁት፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው። ከግድግዳው ማዶ ወይዘሮ ሮሳውራ ከልጃቸው ጋር ይሳሳቃሉ።

ምናልባት በአንቺ በኩል የተበላሸ ነገር ይኖር ይሆናል። አክስቴ ስትመለስ «አወራችሁ?» አለችኝ። «አዎ፣ ጨርሰን ነው የዘጋነው» አልኳት። መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። የማይሆን ከሆነም ጻፊልኝ።

አብራሽ የምትኖረውን ማርሌንን ሰላም በይልኝ፣ ሕፃኗንም ሳሚልኝ። ለአሮጊቷም ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ እንደናፈቅሻት ትናገራለች፤ ይህን ደብዳቤ ግን አላሳየኋትም።

ልጅሽ ናርሲሳ
ካሪያማንጋ፣ ኤኳዶር
ማርች 8 ቀን 2010