ከድረ ገጹ ስለ ተሰረዘው የመምህር አስናቀው ጽሑፍ

ለተከበሩ የአነስተኛ ንግዶች ድረ ገጽ ማሻሻያ ፕሮጀክት አስተባባሪ፤
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ስብሰባዎችዎም ሁሉ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በቁስቋም ዳገት ላይ የምትገኘው፣ ወይራ በር የተባለችው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የዓለምወርቅ፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። አራቱ ክፍሎቼም ደኅና ናቸው፤ የሚተኛባቸው ሰው ስለሌለ አንሶላቸው እንኳ አይጨማደድም።

በግል የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ሳያገኙ ቀርተዋል። ሥራ በዝቶብዎ እንደሆነ ስለገባኝ፣ ይህኛውን ሌላ ሰው አንብቦ እንዲነግርዎ ብዬ ለሁሉ የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ አድርጌዋለሁ።

ድረ ገጹን የሠራው ባለቤቴ መምህር አስናቀው ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ዝናቡን ሰበብ አድርጎ ከኮምፒውተር ጋር ተቀመጠና በቢጫ መደብ ላይ በአረንጓዴ ፊደል ጻፈው። ሸጋ ነበር አልልም፤ ዓይን ያጥበረብራል። እንግዶች ግን እሱን እያነበቡ ይመጡ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በፍልሰታ ጾም አረፈ። መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት እንግዳው እየሳሳ ሄደ። ልጅ አልወለድንምና ቤቱ ለእኔ ብቻ ሰፋ። የእርስዎ ፕሮጀክት «ደንበኛ በሚስብ መልኩ እናሻሽልልዎ» ብሎ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እኔም ሰው ይመጣል ከተባለ ብዬ ፈረምኩ። ስለ ውጤቱ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ መዋኛ ገንዳው አመሰግናለሁ። በአዲሱ ገጽ ላይ በሰማያዊ ገንዳ ዳር ጋደም ብለው የሚስቁ ፈረንጆች አሉ። ገንዳውን ግቢዬ ውስጥ ፈልጌ እስካሁን አላገኘሁትም። ከደብረ ታቦር ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ባልና ሚስት አጥብቀው ስለጠየቁኝ፣ ቅርቡ ገንዳ የፋሲል መዋኛ እንደሆነ፣ እሱም ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ወሩ ግንቦት ነበር። ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን ከውስጥ ለብሰው ነበር የመጡት። ወላጆቻቸው አልተቆጡም፤ ሻይ ጠጥተው፣ ይቅርታ ጠይቀውኝ ሄዱ። ይቅርታ የጠየቁት እነሱ መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ።

፪. ቤቴን ከዳገቱ አንሥታችሁ በካርታው ላይ ቀሐ ወንዝ ዳር ስላሰፈራችሁልኝ ጉልበቴ አመስግኗል። እንግዶች ግን ወንዙ ዳር ቆመው ይደውላሉ፤ የቀረውን ዳገት ስነግራቸው «እሺ እናቴ፣ እንመጣለን» ይላሉ። አይመጡም።

፫. በገጹ ጥግ ብቅ እያለ ለደንበኛ በራሱ መልስ ስለሚሰጠው መሣሪያ ልዩ ምስጋና አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሳላናግር ሦስት ቀን እንዳለፈኝ ባስተዋልሁ ጊዜ፣ ራሴ ጻፍሁለት። «ባለቤቴ የጻፈው የት ሄደ?» አልሁት። «ክፍሎቻችን ምቹና ዘመናዊ ናቸው፤ ለስንት ሰው ይፈልጋሉ?» አለኝ። ጥቂት አሰብሁና «ለአንድ ሰው» ብዬ መለስሁ። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ አስተናጋጃችን በቅርቡ ትደውልልዎታለች» አለኝ። አስተናጋጇ እኔ ነኝ።

፬. የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ ይኸኛው ነው። ባለሙያዎችዎ ድረ ገጹን ሲያድሱ የአስናቀውን ጽሑፍ በሙሉ ሰርዘውታል። እውነቱን ለመናገር፣ ጽሑፉን አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር። ጸሐፊው ራሱ ቤት እያለ ጽሑፉን ማንበብ ምን ያደርግልኛል? ካረፈ በኋላም ልቤ ሲጠና አነበዋለሁ ብዬ አቆየሁት። ልቤ የጠናው እናንተ ከሰረዛችሁት በኋላ ሆነ።

አራዳ ወዳለው ቢሯችሁ ወርጄ ባለሙያዎን አቶ የሺዋስን አነጋገርኋቸው። ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። «እናቴ፣ የቆየ ጽሑፍ ደንበኛ አይስብም» አሉኝ። «ምነው ልጄ፣ ከመሰረዙ በፊት አንድ ቅጂ ብትይዙልኝ ምን ነበረበት?» አልኋቸው። ቅጂ መያዝ በፕሮጀክቱ ሰነድ አለመካተቱን ሰነዱን አውጥተው፣ ገጹን ገልጠው አሳዩኝ። በእርግጥም አልተካተተም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምስጋና አይደለምና።

ባለፈው ወር ብርነሽ የምትባል ነርስ ከጭልጋ መጣች። ከአምስት ዓመት በፊት እናቷን ልታስታምም መጥታ እኛ ዘንድ አርፋ ነበር። በሩን ስከፍትላት መዳፏ ቀልቷል። «ብዙ አንኳኳሽ እንዴ?» ብላት «ኧረ ምንም አይደል፣ መምህሩ እኮ ጽፈውታል» አለችኝ። ያን ጊዜ እንዳይጠፋት ብላ የገጹን ፎቶ በስልኳ አስቀርታው ኖሯል። «እስቲ አንብቢልኝ» ብላት አነበበችልኝ።

«ከአራዳ በባጃጅ ሲመጡ ለሾፌሩ ቁስቋም ይበሉት። ዳገቱ ላይ ባጃጁ ቢያቃስት አይደንግጡ፤ ሁሌም ያቃስታል። ከትልቁ ወይራ ሥር ወርደው በሩን ያንኳኩ። ባለቤቴ የዓለምወርቅ ትከፍትልዎታለች። ካልከፈተች ደጋግመው ያንኳኩ፤ ጆሮዋ ትንሽ ከብዷል። እሷ አላወቀችም፤ እባክዎ እንዳይነግሯት። እኔ ጮክ ብዬ ማውራት ለምጃለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት «ምነው አስናቀው፣ ቤቱ እኮ የመማሪያ ክፍል አይደለም» እያልሁ ስቆጣው ነበር። እሱ ይስቃል እንጂ ድምፁን አይቀንስም ነበር። ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ያለብኝ እሱ ስለሌለ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጽሑፉ ከተሰረዘ ወዲህ ስንት ሰው አንድ ጊዜ አንኳኩቶ፣ ቤቱ ባዶ መስሎት እንደተመለሰ አላውቅም። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ጠፋ እያልሁ ስጠብቅ ነበር።

ብርነሽ ሁለት ቀን ቆይታ ሄደች። ፎቶውን ትታልኝ ነው የሄደች፤ ነገር ግን ስልኳ የያዘው የገጹን መጀመሪያ ብቻ ነው። «ለምጃለሁ» ካለ በኋላ ምን ብሎ እንደቀጠለ አይታይም። ያለውን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ በሬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ደንበኛ ይሳብ አይሳብ አላውቅም። መንገደኛው ግን ቆሞ ያነበዋል፤ ሳቅ ብሎ የሚያንኳኳም አለ። አልጋ ፈልጎ አይደለም፤ እውነት ይሆን እንዴ ብሎ ነው። እከፍትለታለሁ፤ ደኅና ዋሉ እንባባላለን።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ገንዳውን ተዉት፣ ካርታውም ባለበት ይሁን። ከኮምፒውተሮቻችሁ አንዱ የቀረውን ጽሑፍ ሳታስቡት አስቀምጦት እንደሆነ ግን አንድ ጊዜ ይፈለግልኝ። ከመጣችሁ ደጋግማችሁ አንኳኩ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ሽልማትን፣ ለሪፖርትዎ ያማሩ ፎቶዎችን፣ ለእርስዎም ተናግሮ የሚያሰማዎ ሰው የማይጠፋበት ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከትልቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

የዓለምወርቅ፣ የመምህር አስናቀው ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ በስልኬ የላካችሁት የእርካታ መጠይቅ ደርሶኛል። ከአምስት ኮከብ በታች የሰጠ ሰው ለሁለተኛ ዙር ማሻሻያ እንደሚመረጥ ስለ ሰማሁ፣ አምስቱንም ሰጥቻችኋለሁ።