የአብዱልጀባር ፋይል እንዳይዘጋ

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ዳኛቸው
በኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማዕከል የቀድሞ ወታደሮች ነጻ እገዛ ክፍል ኃላፊ
ፓይን ሌክ፣ ጆርጂያ

ጉዳዩ፦ «ችግር የለበትም» ተብሎ ሊዘጋ የተቃረበው የወንድሜ ፋይል ክፍት እንዲቆይና እናታችን በሌሉበት እንደገና እንዲጠየቅ ስለማመልከት

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ሸፊቅ እባላለሁ። ሊቶኒያ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከአብዱልጀባር ጋር እኖራለሁ። ኮምቦልቻ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ፣ እዚህ ደግሞ ሃይስኩሉን ሁለት ዓመት አስቸግሬ ስለወጣሁ የመሥሪያ ቤት አማርኛዬ ያነክሳል። በቀጠሯችን ዕለት ቢሮዎ በር ላይ «ዛሬ ነጻ ፒዛ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ሰው ያሰለፈውም ልጅ እኔ ነኝ። ይህንን የምጽፈው ግን ሳልቀልድ ነው፤ ቢያንስ በተቻለኝ መጠን።

1. ወንድሜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ አፍጋኒስታን አገልግሎ በክብር ተሰናብቷል። ለደረሰበት ጉዳት ካሳም ሆነ ክፍለ ግዛቱ ለቀድሞ ወታደሮች ለሚሰጠው የቤት ግብር ቅናሽና ሌላ ጥቅም አመልክቶ አያውቅም። እንዲህ ዓይነት ነገር መኖሩን የነገሩን ጎረቤታችን አቶ አሸብር ናቸው። «እናንተ ሰዎች፣ ይሄ ልጅ እኮ መብት አለው! ፓይን ሌክ ፎርሙን በነጻ ይሞሉለታል። ድርሻ ስጡኝ የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት» አሉን። ወንድሜን ለማሳመን ልመናም ስድብም ሞከርኩ፤ የሠራው ስድቡ ነው።

2. በቀጠሮው ዕለት ዘግይተን የደረስነው ሐበሻ ስለሆንን አይደለም። ወንድሜ በድልድይ ሥር አያልፍም። መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ አትላንታ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የማናውቃቸውን ሰዎች ሰፈር ሁሉ ጎብኝተን ነው የመጣነው። ሎረንስቪል የነበረውን ሥራ ያጣውም በዚሁ ነው። አለቃው ለምን እንደሚያረፍድ ሲጠይቀው «ትራፊክ ነው» ብቻ አለው።

3. ባለጉዳይ የሚጠይቁት የቢሮዎ ሠራተኛ ወይዘሮ ሉሊት በጥሩ ሁኔታ ተቀበሉን። እናታችን ወይዘሮ ነዚፋ ሳምቡሳ ይዘው መጥተው ስለነበር እኛም እሳቸውን በጥሩ ሁኔታ ተቀበልናቸው ማለት ይቻላል። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?»
«አልሀምዱሊላህ።»
«ምግብስ?»
«አልሀምዱሊላህ።»
«የሚያስፈራህ ነገር አለ?»

ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል እናታችን ቀደሙት፦ «የኔ ልጅ አንበሳ ነው! ምን ያስፈራዋል፣ ብቻ ከሰው ዓይን ይጠብቅልኝ!» እሱም እናቱን አየና «ደህና ነኝ» አለ። ወይዘሮ ሉሊት ይህንኑ ጻፉ፤ ሳምቡሳቸውንም በሉ። አሁን ከቢሮዎ በደረሰን ደብዳቤ፣ ባለጉዳዩ ምንም ችግር እንደሌለበት በራሱ አንደበት ስለገለጸ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሌላ ነገር ካላቀረበ ፋይሉ እንደሚዘጋ ተነግሮናል።

4. ክቡር ሆይ፣ ፈረንጅ ቢጽፈው አልከፋም ነበር። ወይዘሮ ሉሊት ግን የእኛው ሰው ናቸው። «አልሀምዱሊላህ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» መልስ እንዳልሆኑ እሳቸውስ ጠፍቷቸው ነው? እኛ እኮ እግራችን እየተቆረጠም «ደህና ነን፣ እናንተ ደህና ናችሁ?» የምንል ሰዎች ነን። ልጅ ደግሞ በእናቱ ፊት «ታምሜያለሁ» አይልም። እናትም በሰው ፊት ልጇን «አመመው» አትልም። ማዕከሉ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እውነቱን ጠየቀ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ሲዋሽ ብቻዬን እውነት ልናገር ብልስ ማን ያምነኛል? የፒዛው ልጅ ነኝ።

5. ስለዚህ ያልተጻፈውን እጽፋለሁ። ወንድሜ እዚያ ጦር ውስጥ ቶማስ የሚባል የእኛው አገር ልጅ ጓደኛ ነበረው። ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። ቶማስ የእስላም ሥጋ አይበላም፤ ወንድሜም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ቱናም ይሁን ሽሮ፣ ሥጋ የሌለበትን ፈልገው ይበላሉ። አንድ ቀን ከፊታቸው የነበረው ድልድይ ፈነዳ። ወንድሜ ወጣ፤ ቶማስ አልወጣም።

ቤታችን ትሪ ሲቀርብ በአንዱ ጎን ሰው አይቀመጥም። በዚያ በኩል ያለውን ምግብ ማንም አይነካውም። በዚያ ጎን ሥጋ አይደረግም፤ ሽሮ ወይም ምስር ብቻ ነው። መጀመሪያ ወንድሜ ራሱ ነበር የሚያደርገው። አሁን ማንም ሳይነግራቸው እናታችን ያደርጉታል። አዎ፣ «ልጄ አንበሳ ነው» ያሉት እሳቸው። እኔ አንዴ «ቶማስ ግን መቼ ነው የሚፈስከው?» ብዬ ወንድሜን ነካሁት። «ሲፈስክ አንተን ነው የሚበላህ» አለኝና ተሳሳቅን። ከዚያ ወደ ባዶው ጎን ዞሮ፣ ልክ ሰው እንደሚያይ፣ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። እኔ መሳቄን አቆምኩ።

6. ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ ከእኛ ጋር አይበላም። ምሳውን ጋራዥ ውስጥ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የሚበላው። ትናንት ልጠራው ሄጄ ነበር። እሱ መሪው ጋ ተቀምጧል፤ ጎኑ ያለው ወንበር ላይ ሌላ ሳህን አለ፤ የዚያ ወንበር ቀበቶም ታስሯል። በዚህ ቀልጄ አላውቅም። «ፋይሉ ይዘጋ፤ እሱ ሞቶ እኔ በምን አፌ ነው የምጠይቀው?» አለኝ። እኔ የምፈራው የቤት ግብሩ ቅናሽ እንዳይቀርብን አይደለም። ያ ፋይል ከተዘጋ ወንድሜ ከዚያ መኪና የሚወጣበት ምክንያት አይኖረውም።

ስለዚህ፦

ሀ. ፋይሉ እንዳይዘጋ፤
ለ. በሌላ ቀን፣ እናታችን በሌሉበት፣ ብቻውን እንዲጠየቅ፤
ሐ. «እንዴት ነህ?» ተብሎ እንዳይጠየቅ። ስለ ቶማስ ይጠየቅ፤ ዝም ካለም አይቸኮል። በክፍለ ግዛቱ ስለሚያገኘው ነገር የሚነገረው ከዚያ በኋላ ይሁን፤

በማክበር አመለክታለሁ።

ይህንን ከመላኬ በፊት ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ወንድሜ ሁለት ቦታ ሳቀ። እናታችን ስለ እሳቸው የተጻፈውን ሲሰሙ ይቆጡኛል ብዬ ወደ በሩ ተጠግቼ ነበር። አልተቆጡም። ሻሻቸውን አስተካከሉና «አብዱሌ፣ እኔ እወስድሃለሁ፤ ድልድይ በሌለበት እንሄዳለን። ስትገባ እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ። ያልካቸውንም አልጠይቅህም» አሉት።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ «ማክሰኞ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይመቸኛል፤ ጻፍላቸው» አለኝ። ጽፌያለሁ።

ማክሰኞን ከሚጠብቅ ሰላምታ ጋር፣

ሸፊቅ (ፊርማ)
አብዱልጀባር፣ ባለጉዳይ (ፊርማ)