የግራ ባቴ ነገር

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ዓይንሽስ፣ ያ ደረጃ ላይ የሚያስቆምሽ ትንፋሽሽስ? እኔ ከናፍቆትሽና ከግራ ባቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ያው ቁልፍ ይቀርጻል። የሰው በር ሁሉ ሲከፍት ይውልና የራሳችንን ቁልፍ ረስቶ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል።

የምጽፍልሽ ስለ ባቴ ነው። ስለ ሌላ ነገር አልጽፍም፤ አንቺም እንዳትጠይቂኝ።

ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ይጨመድደኝ ነበር። ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ባቴ እንደ ድንጋይ ይቋጠርና የእግሬ ጣቶች ወደ ታች ይቀለበሳሉ። መጀመሪያ የያዘኝ ዕለት ጮኼ ብነሳ ባለቤቴ ሌባ የገባ መስሎት ወደ በሩ ሮጠ፤ ቁልፍ ሠሪ ነውና የሚጠረጥረው መቼም በር ነው። ነገሩ ሲገባው ደግሞ ጣቶቼን ጨብጦ ወደ ራሱ ጎተተ። የተጣበቀ ነገር ሁሉ ተስቦ የሚላቀቅ ይመስለዋል። ባቴ ይብሱን ከረረ። ያን ዕለት ከአፌ የወጣውን ቃል ከአንቺ አልተማርኩትም።

አሁን ሠልጥኗል። ጉልበቴን ቀጥ ያደርግና ተረከዜን በአንድ እጁ ደግፎ ጣቶቼን ቀስ አድርጎ ወደ ቅልጥሜ ይገፋል። እስኪለቀኝ ይታገሳል፤ ከዚያ ያሸኛል፤ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይጠቀልልልኛል። እሱ ካመሸ እኔው ተነስቼ ግድግዳ ተደግፌ፣ ተረከዜን ወለሉ ላይ ተክዬ እቆማለሁ። ይህን ያሳየችን አዋላጇ ናት። ለባት ማን ወደ አዋላጅ ይሄዳል እንዳትዪኝ፤ አትጠይቂኝ ብዬሻለሁ።

ማተሚያ ቤትም ቢሆን ነገሩ አልለቀቀኝም። አንድ ሐኪም ስለ ቤት ውስጥ ጤና የጻፈው መጽሐፍ ለእርማት ጠረጴዛዬ ላይ ወድቋል። ስለ ባት መጨምደድም አንድ ምዕራፍ አለው። ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ለረጅም ሰዓት አትቁሙ፣ ከመኝታ በፊት ባታችሁን አፍታቱ ይላል። አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ቢያተኩስ ደግሞ ሳታሹት ቶሎ ወደ ሕክምና ሂዱ ይላል። መንስኤው ግን «ብዙውን ጊዜ በውል አይታወቅም»። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስሕተት ፍለጋ ደጋግሜ አነበብኳት። አንድ የፊደል ግድፈት እንኳ የላትም። የማሽን ክፍሉ አለቃ በበኩሉ «ተይ እቴ፣ መድኃኒቱ ሙዝ ነው፤ እኔን ያዳነኝ ሙዝ ነው» አለኝ። ከምን እንዳዳነው ብጠይቀው ከአስም አለኝ።

እማዬ፣ ያለፉትን ሁለት ጊዜዎች ታስታውሻለሽ። ከማስታወስም አልፈሽ ለዘመድ ለጎረቤቱ ያዳረስሽው አንቺ ነሽ። አልተቀየምኩሽም። ተቀይሜሽ ነበር፤ ግን ደስታ አፍን እንደማያስችል እኔም አውቃለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉን የመጡት ሰዎች ሊያጽናኑን ሲመጡ እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አንዷማ መጀመሪያ ስትመጣ ረስታው የሄደችውን ጃንጥላ በዚያው ይዛ ተመለሰች። አንቺ የገዛሽው ነጭ የሹራብ ክር ዛሬም ቁም ሣጥኑ ሥር አለ። መጣልም መስጠትም አቅቶናል።

ስለዚህ ዘንድሮ ቃሉን ላናወጣው ተማምለናል። እርስ በርሳችን እንኳ አናነሳውም። ጠዋት ጠዋት «ባትሽ እንዴት አደረ?» ይለኛል። «ሲያሠቃየኝ አደረ» ስለው ፊቱ ይፈካል። ሚስቱ ስትሠቃይ ማደሯን ሰምቶ እያፏጨ ሥራ የሚሄድ ባል ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አትፍረጂበት። ያለፉት ሁለቱ ባት እስከ መያዝ አልደረሱም። እዚህ ደርሰን አናውቅም።

ከሰኞ ወዲህ ግን አልያዘኝም።

ሰው ሕመሙ ሲተወው ፈጣሪውን ያመሰግናል። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን አያለሁ። ሌላ ምልክት አለ ይሉኛል። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ውስጤ ሽው ይላል፤ የሆድ ንፋስ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ያኔም የሚሰማኝን ሁሉ አምኜ ነበራ። ባቴ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።

ትናንት ያደረግሁትን ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። ውሃ አልጠጣሁም። ወንበሬን ገፍቼ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳርም ዋልኩ። ማታ ባቴን ሳላፍታታ ተኛሁ፤ እግሬን ከብርድ ልብሱ አወጣሁት፤ ጣቶቼን ራሴ ወደ ታች ወጠርኳቸው። መጽሐፉ አድርጉ ያለውን ትቼ አታድርጉ ያለውን ሁሉ አደረግሁ፤ ሐኪሙ እንደ እኔ ያለ ጠንቃቃ አንባቢ አያገኝም። እባክህ ያዘኝ ብዬ ለመንኩት፤ የገዛ ባቴን። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ የተኛ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ፣ ሳይዞር፣ «አልመጣም?» አለኝ። «አልመጣም» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት አዋላጇ ዘንድ ሄጄ ይህን ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። «አንቺ ልጅ፣ የተወሽ እኮ የነገርኩሽን ስላደረግሽ ነው። መድኃኒቱ ሠራልኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለችኝ። መስሚያዋን ሆዴ ላይ አስጠግታ ደጋግማ አዳመጠች። ከዚያ «ደህና ነው» አለች። ባለፈውም ደህና ነው ተብያለሁ። አላመንኳትም፤ እሷም አላመነችኝም፤ ውሃ ቀድታ ሰጥታኝ እስክጨርሰው ድረስ ፊቴ ቆመች።

እና እማዬ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔን ስትጠብቂ ባትሽ እንደፈጀሽ ስታወሪ ሰምቻለሁ። መሃል ላይ ተወት አድርጎሽ ነበር? ጭራሽ ትቶሽስ ነገሩ በደህና ያለቀበት ጊዜ አለ? በስልክ እንዳትነግሪኝ። እኔን ለማጽናናት ስትዪ የምትጨምሪያት ቃል ትኖራለች፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ያለ ቦታዋ የገባችውን ቃል ማግኘት ነው። ነይና ፊቴ ተቀምጠሽ ንገሪኝ። የት ነሽ የሚልሽ ካለ ልጄን እግሯን አሟት ላሻት ነው በይ፤ ውሸት አይደለም። ክር አትያዥ። ምንም አትያዥ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ጉልበትሽን ያጽናው፤ ደረጃችንን ሳታርፊ የምትወጪበትን ትንፋሽ ይስጥሽ።

እግሯን ያመማት ልጅሽ

ደብዳቤውን ሳላሽገው፦ አሁን ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ያዘኝ። ጮህኩ። ባለቤቴ ማንኪያውን ጥሎ መጣ። ጉልበቴን ቀጥ አደረገ፣ ተረከዜን ደገፈ፣ ጣቶቼን ወደ ቅልጥሜ ገፋ፤ ሁሉንም እንደተማረው። ሲለቀኝም እሱ እግሬን አልለቀቀውም። አቅፎት፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እንኳን ደህና መጣህ» አለው። ከዚያ የጣለውን ማንኪያ ሊያነሳ ሄደ፤ ተማምለናላ። የባት መያዝ የሚያረጋግጠው ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። አዋላጇ ነግራናለች፤ መጽሐፉንም ያረምኩት እኔ ነኝ።

ቢሆንም ነይ።