መብራት ከጠፋ በኋላ ያለው

ጥር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ደሴ

ትናንት ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ የቀረጽኩትን የባንድ ሙዚቃ ዛሬ ፒያሳ፣ ሰኢድ ኮምፒውተር ቤት ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ሦስተኛው ዘፈን መሀል መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱና ጊታሩ ዝም አሉ። ዘፋኟ ዘሀራ ግን አላቆመችም፤ ከበሮውና ጭብጨባው ብቻ ተከተሏት። መቅረጫዬ በባትሪ ስለሚሠራ ሁሉንም ይዞታል። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«እህቴ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ያለውን ልቁረጠው?» አለኝ ሰኢድ።

«እጅህን ሰብስብ! ዋናው እሱ ነው።»

እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «ወላሂ እውነትሽን ነው። በማን ስም ላስቀምጠው?» አለ።

ያለፈውን ቅጂዬን የቀድሞ አለቃዬ በራሱ ስም አውጥቶ፣ ለምን ስለው ከሥራ አባረረኝ። ሰኢድን ከኮምፒውተሩ አስነስቼ ራሴ ጻፍኩት፦ መጀመሪያ ዘሀራን፣ ቀጥሎ ከበሮ መቺዋን፣ መጨረሻ ላይ የቀረጸችውን እኔን፣ ከነአባቴ ስም።