የአጎቴ የሌንጂሳ ነገር

ይድረስ ካቺሲ ለሚገኙት አክስቴ፣ ለአዳዳ ጉዴ። ጤናዎ እንዴት ነው? ከብቶቹስ፣ ጎረቤቱስ? እኛ አምቦ ከድካም በቀር ደህና ነን።

ዱረቲ አራት ዓመት ሞላት፤ ዛሬም ስሟን ስንጠራት ዞር አትልም። ሐኪሙ ኦቲዝም ነው አለን። አማቴ እርጉዝ ሆኜ በቆሎ ላይ መድኃኒት ስለረጨሁ ነው ይላሉ፤ መልስ መስጠቱም ሰልችቶኛል። ሐኪሙ ግን ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ በዘርም ሊመጣ ይችላል ብሎ ስለ ቤተሰባችን ጠየቀኝ። አጎቴን ሌንጂሳን አዝለው ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። እውነት ዘመድ ሁሉ እንደሚለው በልጅነቱ አንደበቱን የያዘው የመብረቅ ድንጋጤ ነው? ወይስ ከዚያ በፊትም ሲጠሩት ዝም ይል ነበር?

ለሰው ይስጡልኝ ያልኩዎት የዱረቲ የሕፃንነት ልብስ ካለ፣ በአውቶቡስ ይላኩልኝ። ባለቤቴ አመዩ ገና አላወቀም።

ዓይንዎን ለማየት ያብቃኝ። በጸሎትዎ ዱረቲን ሲያነሱ፣ ገና ስም ያልወጣለትንም ይጨምሩልኝ።

ልጅዎ ጋዲሴ